ከአገር ቤት መልስ የያዘኝ ትኩሳት

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 39 ነው። ከአገሬ ከወጣሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር ሆኜ ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ አምስት ሳምንት ቆየን። ወላጆቼ የሚኖሩት ቆላ ነው። ከተመለስን በ12ኛው ቀን ብርድ ብርድ ብሎኝ ተንቀጠቀጥኩ፤ ቀጥሎ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ማስመለስ መጣ። ሐኪሜ ጉንፋን ነው ብሎ ፓራሲታሞል አዘዘልኝ። በሦስተኛው ቀን ራሴ ጠይቄ የወባ ምርመራ ተደረገልኝና የለም ተባልኩ። ትኩሳቱ ሁለት ቀን ጋብ ካለ በኋላ ዛሬ ብሶበት ተመለሰ። እህቴ በስልክ ‹ታይፎይድ ይሆናል፣ አንቲባዮቲክ ጀምር› ትለኛለች። ሻንጣዬ ውስጥ ከአገር ቤት የያዝኩት የወባ ክኒን አለ፤ ልውሰደው? ልጅ ሆኜ ወባ ብዙ ጊዜ ይዞኝ አልፏል፤ ሰውነቴ አልለመደውም እንዴ? ልጄስ ያሰጋታል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ለነገ አያሳድሩት። ከሐኪምዎ ዘንድ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ብቻዎን አይሂዱ፣ መኪናም ራስዎ አይንዱ። ክኒኑን ሳይውጡ ከነማሸጊያው ይያዙት። የቀረውን መልሳችንን ተራ ሲጠብቁ ያነቡታል።

የምናጣድፍዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ወባ ካለበት አካባቢ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው፣ ደሙ በሚገባ ተመርምሮ እስኪጣራ ድረስ ወባ እንደያዘው ተቆጥሮ ነው መታየት ያለበት። ጉንፋን ከሆነ ጥቂት ሰዓት መዘግየቱ ምንም አያመጣም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ግን ዛሬ በእግሩ የሚሄደውን ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አእምሮውን ሊያስተው፣ ኩላሊቱንና ሳንባውን ሊጎዳው ይችላል። የእርስዎ ቀንም ከእሱ ጋር ይገጥማል። ፋልሲፓረም ከተነከሱ በኋላ ሳምንት ሳይሞላው ብዙም አይታይም፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይወጣል፤ ከሦስት ወር ካለፈ ግን ብርቅ ነው። አገር ቤት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከተነከሱ፣ ከተመለሱ በ12ኛው ቀን መንቀጥቀጥዎ የሚጠበቅ ነገር ነው።

መዝገብ ክፍል ሲደርሱ «ትኩሳት አለኝ» ብለው አይተዉት። ትኩሳት ብቻ ያለው ሰው ብዙ ሰዓት ተራ ይጠብቃል። እንዲህ ይበሉ፦ «ወባ ካለበት አገር ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አልሞላኝም፣ ከፍተኛ ትኩሳት አለኝ፣ የወባ የደም ምርመራ ዛሬውኑ እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ።» የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ በሚገባ የማይናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ እነዚህን ጽፈው ይስጡ፦ የትኛው አገርና የትኛው አካባቢ እንደነበሩ፣ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን፣ በአጎበር ተኝተው እንደነበርና እንዳልነበር፣ የወባ መከላከያ ክኒን ወስደው እንደሆነ፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ ከዚያ ወዲህ የዋጡትን መድኃኒት በሙሉ፣ የሚያስቆጣዎት መድኃኒት ካለ። ሐኪሞች በትኩሳት የሚቃጠል ሰው ከሚናገረው ይልቅ ወረቀቱን ያምናሉ፤ ፈረቃ ሲቀየርም ወረቀቱ መዝገብዎ ውስጥ ይቆያል። በነበሩበት አካባቢ በዚያ ሰሞን ደም የሚያፈስስ የቫይረስ ትኩሳት ተነስቶ ከነበረ ግን ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይንገሯቸው፤ እነዚህ በሽታዎች ከተጋለጡ እስከ 21 ቀን ድረስ ሊታዩ ስለሚችሉ ሆስፒታሉ ለይቶ ነው የሚቀበልዎ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ጊዜ ተመርምረው «የለም» መባልዎ ወባ እንደሌለብዎ አያረጋግጥም። በዚህ ቃል ተማምነው ቤታቸው ገብተው የከፋባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት ላቦራቶሪው ምን እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። ባለሙያው በመስታወት ላይ ሁለት ነገር ያዘጋጃል። አንዱ ወፍራም የደም ጠብታ ነው፤ ደሙ በትንሽ ቦታ ተከማችቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርሰው ወባን የሚያመጣው ተውሳክ ብቻ ጊምሳ በሚባል ቀለም ተነክሮ ይቀራል። ብዙ ደም በአንድ ቦታ ስለሚታይ ጥቂት ተውሳክም ቢኖር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ስስ ቅብ ነው፤ ሴሎቹ ሳይፈርሱ አንድ በአንድ ተዘርግተው ስለሚታዩ ዓይነቱን መለየትና ከመቶው ስንቱ ሴል እንደተያዘ መቁጠር የሚቻለው በእሱ ነው። በወፍራሙ ጠብታ ላይ በከፍተኛው ሌንስ ቢያንስ 100 ቦታ ሳይታይ «የለም» ተብሎ አይጻፍም። ወባ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ በሚያጋጥምበት ላቦራቶሪ ውስጥ ግን በችኮላ ወይም ከልምድ ማነስ የተነሳ ጥቂት ተውሳክ ሊያመልጥ ይችላል።

ተውሳኩ ራሱም ይደበቃል። ፋልሲፓረም ሲጎለምስ በትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከጣት ወይም ከክንድ በሚቀዳው ደም ውስጥ በብዛት የሚታዩት ወጣቶቹ ናቸው። ደሙ የተቀዳው ጎልማሶቹ በተለጠፉበት ሰዓት ከሆነ መስታወቱ ላይ የሚታየው እጅግ ጥቂት ይሆናል፤ ሕመምተኛው ግን በጠና ታምሟል። ስለዚህ ምርመራው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት ይደገማል፤ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ታይቶ ካልተገኘ ነው ወባ የለም ለማለት የሚቀርበው። እርስዎ አንዱን ብቻ ነው ያደረጉት።

ያ አንዱ ምርመራ ምን ዓይነት እንደነበረ ይጠይቁ። በአንዲት ጠብታ ደም በ15 ወይም በ20 ደቂቃ መስመር የሚያሳየው ፈጣኑ የወባ ምርመራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ ፈጣን ምርመራዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። በምሥራቅ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ አንዳንድ አካባቢዎች ይህን ፕሮቲን የማያመነጭ ፋልሲፓረም ተገኝቷል፤ እሱ ደም ውስጥ እያለ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። በተቃራኒው፣ ወባው ከዳነ በኋላ ፕሮቲኑ ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ ይኸው ምርመራ «አለ» እያለ ሊቀጥል ይችላል። ፈጣኑ ምርመራ ጥሩ መነሻ ነው፤ በማይክሮስኮፕ የሚደረገውን ግን አይተካም። ዛሬ ሁለቱም እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።

ትኩሳቱ ሁለት ቀን ጋብ ማለቱ አያታልልዎ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ተውሳኩን አይነካም፤ ተውሳኩ በየ48 ሰዓቱ ከሴል ወደ ሴል እየተባዛ ይቀጥላል። «ወባ በአንድ ቀን እየዘለለ ነው የሚመጣው» የሚለውም ቢሆን በበሽታው መጀመሪያ ላይ አይሠራም፤ በፋልሲፓረም ደግሞ ትኩሳቱ ጨርሶ ሥርዓት ላይኖረው ይችላል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል መውሰድ ይችላሉ፤ ለአዋቂ 1 ግራም በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ። ጉበትዎ ወይም ኩላሊትዎ የታመመ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን አይንኩ። በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት እስኪጣራ ድረስ እነዚህ የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ።

«ሰውነቴ አልለመደውም እንዴ?» ላሉት መልሳችን አጭር ነው፤ ለምዶት ነበር፣ አሁን ረስቶታል። ልጅ ሆነው ደጋግመው በመታመም ያገኙት መከላከያ ድሮም ከፊል ነበር። ተውሳኩ ደም ውስጥ እንዳይገባ አያግደውም፤ የሕመሙን ክብደት ነው የሚያቀልለው። እሱም ጸንቶ የሚቆየው በየወቅቱ በሚነከስ ሰው ላይ ነው። ንክሻው ሲቋረጥ በወራት ውስጥ መድከም ይጀምራል፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ከ14 ዓመት በኋላ የሆነ ቅሪት ቢኖር እንኳ ማንም ሐኪም በእሱ ተማምኖ ወደ ቤትዎ አይልክዎትም፤ እርስዎም አይተማመኑበት። እናትዎ ወይም ወንድምዎ በዚያው ቤት ኖረው፣ በዚያው ትንኝ ተነክሰው «ትንሽ ራሴን አመመኝ» ብለው የሚያልፉት እርስዎን አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ወደ አውሮፓ አገሮች በየዓመቱ ከሚገባው ወባ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው ለጉብኝት በሄዱ የውጭ ሰዎች ላይ ሳይሆን ዘመድ ጠይቀው በተመለሱ ሰዎች ላይ ነው። ጎብኚው ፈርቶ ክኒኑን ይውጣል፣ አጎበሩን ይዘረጋል፤ የአገሩ ልጅ ግን «እኔ እዚያ አይደል ያደግኩት» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜም ቸልታ አይደለም። ዘመድ ፊት ክኒን መዋጥና አጎበር ዘርጉልኝ ማለት መኩራራት ይመስለዋል፣ ያፍራል። ይህን እፍረት እንረዳዋለን። ሆኖም ሰው እየገደለ ነውና አይገባም እንላለን።

ወደ ሻንጣው ክኒን እንመለስ። ሆስፒታል በሚገኝበት ከተማ ውስጥ እስካሉ ድረስ ደምዎ ሳይቀዳ አይጀምሩት። የጀመሩ እንደሆነ ተውሳኩ ወዲያው ይቀንስና ምርመራው ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ዓይነቱ ሳይታወቅ፣ መጠኑ ሳይለካ ይቀራል። ሁለተኛ፣ እያስመለሰዎ ስለሆነ የዋጡት ሆድዎ ውስጥ መቆየቱ አይታወቅም። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ እውነተኛ ይሁን አይሁን፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ተቀምጦ ይሁን አይሁን ማወቅ አይችሉም፤ ሐሰተኛ የወባ መድኃኒት በብዙ አገሮች ይሸጣል። አራተኛ፣ አንዳንዶቹ የወባ መድኃኒቶች ከልብ ምት፣ ከኤችአይቪ፣ ከቲቢና ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከባድ ወባ በክኒን አይታከምም። ለየት የሚለው ሰው ከጤና ተቋም ከአንድ ቀን በላይ በሚርቅ ቦታ ሆኖ ትኩሳት ሲይዘው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የያዘውን ሙሉ መጠን ጀምሮ ወዲያው ጉዞ ይጀምራል። እርስዎ እዚያ ውስጥ አይደሉም።

እህትዎ ታይፎይድ ማለታቸው ከፍቅር ነው፤ ታይፎይድ በእርግጥም የሚጠረጠር ነገር ነው። ምልክቱ ከተያዙ በኋላ ከ6 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። በብዙ አገሮች ግን «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው ቪዳል በሚባል የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ ቀድሞ በተያዘ ወይም ክትባት በወሰደ ሰው ላይ ሁሉ «አለ» ሊል ይችላል፣ በሌሎች ትኩሳቶችም ጊዜ ይሳሳታል። ሰው ወባ ይዞት የታይፎይድ አንቲባዮቲክ እየዋጠ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ታይፎይድ በትክክል የሚታወቀው ከደም በሚደረግ ካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን ጀርም በላቦራቶሪ አሳድጎ በማየት ነው፤ ደሙም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መቀዳት አለበት። ስለዚህ አንቲባዮቲኩንም አይጀምሩ። ዛሬ ደም ሲቀዳልዎ ከወባው ጋር የደም ካልቸር፣ ሙሉ የደም ሴል ቆጠራ፣ የስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ አብሮ እንዲሠራ ይጠይቁ። በቆጠራው ላይ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት በማይክሮሊትር ከ150,000 በታች ወርዶ ከተገኘ፣ ማይክሮስኮፑ «የለም» ቢልም እንኳ ወባን እንደገና መፈለግ የሚያስገድድ ፍንጭ ነው። ደንጊም ይህንኑ ያደርጋል፤ ሆኖም ደንጊ ከንክሻው በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚወጣ ቀኑ እርስዎ ላይ ጠባብ ነው። በሐይቅ ወይም በወንዝ ውሃ ዋኝተው ከሆነም ይናገሩ፤ የቢልሃርዚያ የመጀመሪያ ትኩሳት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው የሚመጣው። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የጉበት በሽታ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሐኪም እንዳያጋጥምዎ፣ ወባም ያንኑ እንደሚያደርግ ያስታውሱት።

እስካሁን ያልታዩ ከሆነ እነዚህን ምልክቶች ባለቤትዎ እንዲከታተሉ ይንገሯቸው፦ መቀባዠር ወይም እንግዳ ጠባይ፣ መንቀጥቀጥ ሳይሆን እውነተኛ መንፈራገጥ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ጠቆር ያለ ሻይ የመሰለ ወይም በጣም ያነሰ ሽንት፣ የዓይን ቢጫነት፣ ደም መፍሰስ፣ ቆሞ መሄድ አለመቻል፣ የጠጡትን ሁሉ ማስመለስ። ከነዚህ አንዱ እንኳ ቢታይ አምቡላንስ ይጠራ።

ፋልሲፓረም ከተገኘ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ዓይነቱን በስሙ፣ መጠኑን ደግሞ በመቶኛ። ከመቶው ሴል 2ቱ ወይም ከዚያ በላይ ከተያዘ ሐኪሞች በቅርብ ይከታተላሉ፤ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ሌላ ምልክት ባይኖር እንኳ ከባድ ወባ ተብሎ ይቆጠራል። «አንድ ሌሊት ተኝተህ እንይህ» ካሉ እምቢ አይበሉ። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላም በመጀመሪያው ቀን ሊብስ ይችላል። ከባድ ከሆነ አርቴሱኔት የሚባለው የወባ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፦ ለአዋቂ በኪሎ 2.4 ሚሊግራም፣ ወዲያው፣ ከ12 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም መዋጥ እስኪችሉ በቀን አንድ ጊዜ። መርፌው ብቻውን ሕክምናውን አይጨርስም፤ የክኒኑ ሙሉ መጠን ይከተለዋል። በአርቴሱኔት ከታከሙ ደግሞ ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ የደም መጠንዎ እንዲለካ ያድርጉ፤ ወባው ከጠፋ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀይ ሴሎች በድንገት የሚፈርሱበት ሰው አለ። ድካምዎ ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከጨመረ፣ ሽንትዎም ከጠቆረ ቀጠሮውን አይጠብቁ።

ከባድ ካልሆነ በብዙ ቦታ የሚሰጠው አርቴሜተር ከሉሜፋንትሪን ጋር ነው፤ ኮአርተም ብለው የሚያውቁት። ከ35 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ክኒን፣ ስድስት ጊዜ፣ በጠቅላላው 24 ክኒን ነው። የመጀመሪያውን እንደዋጡ ከ8 ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ይከተላል፤ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛው መጠን ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚውል ሰው ተኝቶ ያልፈዋል፤ የስልክዎን ማንቂያ ይሙሉ፣ ባለቤትዎም ያንቁዎት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ትኩሳቱ ስለሚጠፋ የቀረውን ክኒን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ያምራል። በሻንጣ ውስጥ የሚገኙት ግማሽ እሽግ ክኒኖች ታሪካቸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ያስቀመጣቸውም ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወባው ሊመለስበት ይችላል። ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት ከሆድ ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ እያንዳንዱን መጠን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎ መጠኑ ይደገማል፤ ደጋግሞ ካስመለሰዎ ግን ወደ ሆስፒታል መመለስ ነው፣ ክኒን እየዋጡ ቤት መቀመጥ አይደለም።

የተገኘው ቫይቫክስ ወይም ኦቫሌ የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ሌላ ሥራ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይህ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደም ውስጥ ያለው ከጠፋ በኋላ እንኳ ጉበት ውስጥ ተኝተው ይቆያሉ፤ ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ይነሳሉ። ሰው «አገር ቤት ሳልሄድ እንዴት ወባ ያዘኝ?» የሚለው ለዚህ ነው። የተኛውን ለመግደል በብዙ ቦታ የሚሰጠው ፕሪማኪን ነው፤ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ለ7 ወይም ለ14 ቀን ይወሰዳል። ፕሪማኪን ከመጀመሩ በፊት ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ምርመራ መደረግ አለበት፤ ኢንዛይሙ የጎደለው ሰው መድኃኒቱን ከወሰደ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ጉድለቱ የሚገኘው ወባ በኖረባቸው አገሮች ተወላጆች ላይ በብዛት ስለሆነ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብለው ምርመራውን አይዝለሉት። ነፍሰ ጡር ሴት ፕሪማኪን አትወስድም። ሐኪምዎ ቫይቫክስ ነው ብሎ የሦስት ቀን መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ ካሰናበተዎ «ጉበት ውስጥ ላለውስ?» ብለው ይጠይቁ።

ከዳኑ በኋላ ድካሙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በቀጣዮቹ ስድስት ሳምንታት ትኩሳት ከተመለሰ እንደ አዲስ ሕመም ተቆጥሮ በዚያው ቀን ደም ይታያል። ደም ለግሰው የሚያውቁ ከሆነም የደም ባንኩ ሳይነግሩት እንዳይቀዳዎ፤ ወባ በደም ይተላለፋል፣ ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለብዎም በየአገሩ ሕጉ የተለያየ ነው።

ስለ ልጅዎ። ከእርስዎ አይያዛትም፤ ወባ በትንፋሽ፣ በብርጭቆ ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚያሰጋት እዚያው ሳለች ተነክሳ ከሆነ ነው፤ እሷ ደግሞ ወባ ከሌለበት አገር የተወለደች ከሆነ ቅሪት መከላከያ እንኳ የላትም። ትኩሳት እስካልያዛት ድረስ ጤነኛ ልጅ ወስዶ ማስመርመር አያስፈልግም። ከተመለሳችሁበት ቀን አንስቶ ሦስት ወር ሙሉ ግን የያዛት ትኩሳት ሁሉ፣ ሳል ቢኖረውም፣ ተቅማጥ ቢኖረውም፣ ጆሮዋን ብትይዝም፣ በዚያው ቀን ደም የሚታይበት ነው። ከዚያ በኋላም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትኩሳት በያዛት ቁጥር ጉዞውን ለሐኪሙ መንገር አይርሱ። ትንንሽ ልጆች ላይ ወባ ብዙ ጊዜ በማስመለስና በተቅማጥ ነው የሚጀምረው፣ ከአዋቂም በፍጥነት ይብሳል። የመዋዕለ ሕፃናት ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት። ለባለቤትዎም ይኸው ይሠራል፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ትንሽ ትኩሳትም ቢሆን ሰዓት አይሰጥም።

ለወደፊቱ ደግሞ፣ ለአጭር ጊዜም ሆነ ጠቅልለው ለመግባት ወደዚያ አካባቢ ሲሄዱ ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀድመው የጉዞ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። መከላከያው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር ከሆነ ከመግባትዎ 1 ወይም 2 ቀን ቀድመው ይጀምሩና በየቀኑ እየወሰዱ ከወጡ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላሉ። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ 100 ሚሊግራም በየቀኑ ነው፤ ከወጡ በኋላ ግን አራት ሳምንት ሙሉ ይቀጥላል፣ ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል፣ ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። ሜፍሎኪን በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ የመንፈስ ጭንቀት ወይም የሚጥል በሽታ ታሪክ ላለበት ሰው አይሆንም። ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ያቆመዋል። በመጨረሻው ሌሊት የገባው ተውሳክ ጉበት ውስጥ አድጎ ወደ ደም የሚወጣው ግን ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ክኒኑ የሚጠብቀውም ያንን ነው። እነዚህ ክኒኖች ጉበት ውስጥ የሚተኛውን ቫይቫክስ አያግዱትም፤ ስለዚህ በአግባቡ ወስደውም ከወራት በኋላ ትኩሳት ቢይዝዎ ጉዞውን ይናገሩ።

የልጅዎ መጠን በኪሎዋ ስለሚወሰን በሚሄዱበት ሰሞን ትመዘን፤ የአምናው ክብደት አይሆንም። ለልጆች የተፈቀዱት አርቲኤስ፣ኤስ እና አር21 የሚባሉት የወባ ክትባቶች ወባ ባለበት አገር ለሚኖሩ ሕፃናት ናቸው እንጂ ለእንግዳ የሚሰጡ አይደሉም፤ እነሱን ጠብቀው ክኒኑን እንዳይተዉት። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከዚህ ይዘው ይሂዱ፤ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይጠቅለል፣ ቀዳዳውም ቀድሞ ይታይ። የምሽት ጨዋታው ደጅ ከሆነ ከ20 እስከ 50 በመቶ ዲት የሚባል ትንኝ አባራሪ ያለበት ቅባት በተገለጠ ቆዳ ላይ ይቀቡ፤ ካላበዎት ወይም ከታጠቡ ይድገሙት። አጎበሩን ለወላጆችዎ ትተውላቸው ይምጡ፤ የእንግዳ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ይሆናል፣ በሚቀጥለውም ጉዞ ዘርግተው የሚጠብቁዎት እነሱ ይሆናሉ።